ቀዝቃዛ እጅ አይታሰርም

ያቺ ቅዳሜ እንደ ሌላው ቅዳሜ ነበረች። ጠዋት ውርጩ ከሣሩ ላይ ቀስ እያለ ለቀቀ። ጉሙ ከጓሳው ሜዳ በኩል መጥቶ የመንደራችንን የቀየትን ቆርቆሮ ሁሉ ሸፈነ፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሶ ሄደ። እኔና ወንድሜ አጥናፉ ግቢያችን ውስጥ ጆንያ እየሞላን ነበር። ጆንያዋ የሠፈር ልጆች ቡጢ የሚለማመዱባት ናት። መካከሏ ላይ የበግ ፀጉር አለ፤ ዙሪያዋን የጓሳ ሣር ይጠቀጠቃል። ጓሳው ለአጨዳ በተፈቀደ ቁጥር አሮጌውን አውጥተን አዲስ እንከታለን። አሮጌው ሲወጣ ሣር አይመስልም፤ ዱቄት ሆኖ ነው የሚወጣው። ያደቀቀው የሰው እጅ ነው።

«ወሰኔ፣ ወገቧ ላይ ጠቅጠቅ አድርግ እንጂ» አለኝ። «የላላች ጆንያ እጅ ትሰብራለች።»

«ሞላች እኮ ጋሼ።»

«አልሞላችም። አንተ እስከ አፉ ስትሞላ ያየሁት ሆድህን ብቻ ነው።»

ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ታላቄ ስለሆነ ጋሼ ነው የምለው። ጆንያዋን አንስተን ከወራጁ ላይ ሰቀልናት። እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠና ግራ ትከሻውን አሸት አሸት አደረገ።

«ምነው?»

«ያዝ አደረገኝ።»

«ሣሩ ከብዶህ ነው።»

«ሣር ከብዶኝ ያውቃል?» አለና ከኪሱ ቆሎ አውጥቶ ግማሹን ለኔ ዘረገፈልኝ። ፀሐይ ላይ ተቀምጠን በላን። ሌላ ነገር ተናግሮ ቢሆን እጽፈው ነበር። አልተናገረም። ቆሎው ጥሩ የተቆላ ነበር።

ይህን የምጽፈው ሥራዬን ስላቆምኩ ነው። ሥራዬ ምን እንደነበረ ብዙ ሰው አያውቅም። እጅ ማሰር ነበር። ቦክሰኛ ጓንት ከማጥለቁ በፊት እጁ በፋሻ ይጠቀለላል። ሕዝቡ የሚያየው ጓንቱን ነው፤ ፋሻውን ማንም አያይም። እኔ ወንድሜ ልምምድ ከጀመረ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጀምሮ እሱ ካለበት ሁሉ እየሄድኩ የእሱን እጅ አስሬያለሁ። ሻምፒዮን ሲሆንም፣ ሲሸነፍም። አሁን እጁ የለም። ስለዚህ ሥራውም የለም። እንዴት ብዬ እንደማስረዳ አላውቅም፤ እንዲሁ በተራ ልንገራችሁ።

የተማርኩት ከአባታችን ነው። ሃምሳ አለቃ ሸዋንግዛው ይባሉ ነበር። ወታደር ሳሉ የክፍላቸው ቦክሰኛ ነበሩ፤ ታናሽ ወንድማቸውም እንዲሁ። በኛ ቤት ቦክስ ልክ እንደ ድቁና ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ነበር። ጎረቤታችን የአባ ወልደሐና ቤት ነው። እዚያ ቤት ልጅ ዳዊት ይደግማል፤ እኛ ቤት ልጅ ጆንያ ይደበድባል። አባ ወልደሐና አጥር ላይ ቆመው ይቀልዱ ነበር።

«ሃምሳ አለቃ፣ እኛ ነፍስ ስናድን እናንተ አፍንጫ ትሰብራላችሁ።»

«አፍንጫው የተሰበረው ሁሉ ስእለት ይዞ የሚመጣው እርስዎ ጋ ነው አባ። ገበያ ነው ያመጣንልዎ።»

ከኛ ቤት ሁለት ሰው ፍጻሜ ላይ ደርሶ ተሸንፏል። አባባም ተሸነፉ፤ አጎቴም ተሸነፈ። ቀየት ውስጥ «የሃምሳ አለቃ ቤት ደጃፉ ድረስ ይደርሳል፣ አይገባም» ይባል ነበር።  ወንድሜ ይህን ሲሰማ ጆንያዋን ይመታል። የፈለገው አንድ ነገር ነው፤ አባባ በሕይወት ሳሉ ከኛ ቤት አንድ ሰው ያንን ደጃፍ ሲያልፍ እንዲሰሙ። እንዲያዩ አላልኩም። ዓይናቸውን ሞራ እየሸፈነው ነበር።

ስለ አባባ ልማድ ትንሽ ልናገር።

ሲያሠለጥኑን ፊታቸውን ወደ እኛ አያዞሩም ነበር። ጀርባቸውን ሰጥተው በርጩማ ላይ ይቀመጡና ጆንያዋን ያዳምጣሉ። «ግራህ ሰነፈ» ይላሉ። እውነትም ግራው ሰንፎ ይሆናል። ጮኸው አያውቁም። ከፋሻ በፊት ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነገር ያደርጋሉ። አንድ ቅርጫት ነበረቻቸው፤ የታጠበ የበግ ፀጉር የሞላባት። እጃችንን እስከ አንጓችን ድረስ እዚያ ውስጥ እንከታለን። ከላይ መዳፋቸውን ይጭኑበታል። እስኪሞቅ እንጠብቃለን።

«ቀዝቃዛ እጅ አይታሰርም» ይላሉ።

አንድ ቀን ለምን ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የቀዘቀዘ እጅ ይዋሻል። ስታስረው ልክ ይመስልሃል። ሲሞቅ ያብጥና ፋሻው ያንቀዋል። ሳይሞቅ ከመታ ደግሞ እንደ ጠዋት አመዳይ ነው፤ ቀጭ ይላል። የመንዝ ሰው ይህን ካላወቀ ማን ይወቀው?»

እጁ ሲሞቅ ማሰር ይጀምራሉ። የሚያስሩት በጸሎት ልክ ነበር፤ ለአንድ እጅ አንድ አቡነ ዘበሰማያት። ከአውራ ጣት ይነሳሉ፣ የእጁን አንጓ ይዞራሉ፣ የጣቶቹን መገጣጠሚያ ደራርበው ያለብሳሉ፣ በየጣቱ መካከል አሳልፈው ይመለሳሉ። መጨረሻው አጠገብ፣ «አላ አድኅነነ» ላይ ሲደርሱ ይቋጫሉ። ፈጥነው ካሰሩ ጸሎቱን ዘለዋል ማለት ነው። ከዚያ «ጠበቀ?» ይላሉ። ወንድሜ ጨበጥ ዘርጋ አድርጎ «ደህና ነው» ይላል። ሁልጊዜ እንዲሁ ነው። ጠበቀ? ደህና ነው።

እኔ አንድ ጊዜ ተወዳድሬ አውቃለሁ። ተጋጣሚዬን መትቼው ሲደማ ቆሜ አየሁት፤ እሱ ግን ቆሞ አላየኝም። ቤት ስንገባ አባባ አፍንጫዬን በእርጥብ ጨርቅ ይዘው «አንተ እጅ እሰር» አሉኝ። አላዘንኩም። ዛሬም አላዝንም።

ጠዋት ጠዋት ወደ ጓሳ እንሮጥ ነበር። ጉም ይሆናል። ወንድሜ ከፊት ነው። ከረጃጅሞቹ የጅብራ ተክሎች መካከል ይታየኛል፣ ከዚያ ይጠፋል፣ ትንፋሹ ብቻ ይሰማኛል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከገደሉ አፍ ላይ ተቀምጠው ሣር እየነጩ ቀና ብለው ያዩናል፤ ደግሞ ይተዉናል። ገላጣው ላይ ስንደርስ ይቆምና ከጉሙ ጋር ቦክስ ይገጥማል። ግራ፣ ግራ፣ ቀኝ። ጉሙ ይከፈትለታል፣ መልሶ ይዘጋል። አንዳንዴ ማን ማንን እንደሚመታ አይለይም። እኔ ፋሻውን አንገቴ ላይ ጠምጥሜ ቆሜ አያለሁ። ዛሬ ሳስበው ያ ሁሉ ዓመት አንድ ጠዋት ይመስለኛል። አንድ ረጅም ጠዋት።

ደብረ ብርሃን ላይ በዞኑ ውድድር አሸነፈ። ከዚያ አንድ የአዲስ አበባ ክለብ ወሰደው። እሱ «ያለ ወንድሜ እጄን አላሳስርም» ስላለ እኔንም በረዳትነት ያዙኝ። ደመወዝ ነበረው፤ ለኔም ትንሽ ነገር ታሰበልኝ። የዝውውሩ ደብዳቤ ብዙ ቢሮ አዞረን። ያ ይቅር።

የክለቡ አሰልጣኝ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ሁሉም ኮች ነው የሚለው። ድምፁ አዳራሽ ይሞላል። መጀመሪያ ቀን የበግ ፀጉሩን ከፌስታል ሳወጣ አየኝ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው? ትራስ ልትሰፋ ነው?»

«እጅ ማሞቂያ ነው ኮች።»

«መንዜዎች! ዝተታችሁን ለብሳችሁ መምጣታችሁ ሳያንስ! በጉን ራሱን አታመጡትም ነበር?»

«እሱን ለፋሲካ ነው የምናመጣው» አለ ወንድሜ፤ እጁ ፀጉሩ ውስጥ ነው። ኮች ሳቀ። ከዚያ በኋላ አልከለከለንም። ሲቸኩል ብቻ «ኧረ ጸሎቱን አሳጥሩት!» ይላል። አናሳጥረውም።

ከዚያ ያ ፍጻሜ መጣ። የአገር ሻምፒዮና ነው። አባባ ከቀየት በአውቶቡስ መጡ። ከኛ ጥግ አጠገብ ወንበር ሰጠናቸው፤ እንደ ልማዳቸው ጀርባቸውን ለሪንጉ ሰጡ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው «አባት፣ ሪንጉ በዚህ ነው» አላቸው። «አውቃለሁ ልጄ፣ እየሰማሁት ነው» አሉት።

ተጋጣሚው የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ ፈጣን፣ ግራኝ። ወንድሜ የመጀመሪያውን ዙር ወሰደ። ሁለተኛውንም ወሰደ። አባባ ጉልበታቸውን በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ ነበር፤ ደስ ሲላቸው እንዲህ ያደርጋሉ። በሦስተኛው ዙር አጋማሽ ላይ የድሬው ልጅ ወደ ጥጉ አፈገፈገ። እዚያ የፈሰሰ ውሃ ነበር። አዳለጠው። በአንድ ጉልበቱ ወደቀ።

ወንድሜ ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? «እኔን!» አለ።

አዳራሹ ሁሉ ሰማው። እኛ ጋ ሰው ሲደናቀፍ እንዲህ ነው የሚባለው። እማዬ ዶሮ እንኳ ስትደናቀፍ እኔን ትላለች። ከአፉ አምልጦት አይደለም፤ ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ነው። ይህን ብሎም አላበቃ። ጎንበስ ብሎ ቀኝ እጁን ዘረጋለት፣ ሊያነሳው። ዳኛው እጁን ገፍቶ «ወደ ኋላ!» አለው። የድሬው ልጅ በራሱ ተነሳ። ዳኛው አየውና ቀጥሉ አለ። የወንድሜ እጅ ገና ከታች ነበር። ገና ለማንሳት ተዘርግቶ ነበር። ግራው ሲመጣ አየሁት። አገጩን አገኘው።

ሲወድቅ ድምፁን አባባ ሰሙ። ጣታቸው ቆመ። ማነው ብለው አልጠየቁም። የሚያውቁት ድምፅ ነው።

ቆጠራው ሳያልቅ ተነሳ፤ ግን ዓይኑ ከኛ ጋር አልነበረም። ዳኛው አስቆመው።

ልብስ መቀየሪያ ክፍሉ ውስጥ ኮች ፎጣውን መሬት ላይ ወረወረ። «እኔን?» አለ። «እኔን! ሪንግ ነው እንጂ የሰርግ ቤት መሰለህ? የወደቀ ሰው ታያለህ፣ ጥግህን ይዘህ ትቆማለህ! ይሄ ለሕፃን የሚነገር ነው! ሃምሳ አለቃ፣ እርስዎ ምን ነበር ያስተማሩት?»

አባባ ግድግዳውን እየዳሰሱ መጡ። «ልጁ በቡጢ ነው የወደቀው?» አሉ።

«አዳልጦት ነው አባባ» አልኩ።

«እንግዲያ ምን ይበል? ቦክሱን እኔ አስተማርኩት። ይህችን ግን እናቱ ናት። እኔ ከእናቱ በታች ነኝ።» ከዚያ ወንድሜ አጠገብ ተቀመጡ። «እጅህን አምጣ።»

ፋሻውን ፈቱ። ቀኝ እጁን በጣታቸው አጥንት በአጥንት ዳሰሱት። ወንድሜ እያለቀሰ ነበር። ትልቅ ሰው ሆኖ ሲያለቅስ ያን ቀን ነው ያየሁት። «ደጃፉ ላይ ቀረሁ አባባ» አለ። አባባ እጁን ሳይለቁ «ደህና ናት» አሉ። እጁን ነው።

በሚቀጥለው ሻምፒዮና እንደገና ፍጻሜ ደረሰ። ተጋጣሚው ያው የድሬው ልጅ ነው። አባባ ታመው ቀየት ቀርተዋል። አሰርኩት። «ጠበቀ?» አልኩት። «ደህና ነው» አለኝ፤ ቀጥሎ ደግሞ «ዛሬ ከወደቀ ምን ልበል?» አለ። «በልብህ በል» አልኩት። ሳቀ። አሸነፈ። በነጥብ ነው፤ የሚያምር ነገር አልነበረውም፤ ሁለቱም ደክሟቸው ተቃቅፈው ነበር የጨረሱት። ሜዳሊያውን አጥልቆ ከሪንጉ ደረጃ ሲወርድ ተደናቀፈ። የድሬው ልጅ ከኋላው ብብቱን ያዘና «እኔን!» አለው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኮች ራሱ ዓይኑን እስኪጠርግ ሳቀ።

ወደ ቀየት ደወልኩ። እማዬ ስልኩን አባባ ጆሮ ላይ አደረገችላቸው።

«አባባ፣ አሸንፏል! ገባ! ደጃፉን አለፈ!»

«እጁስ?» አሉ።

«ደህና ናት።»

 ትንፋሻቸው ይሰማኝ ነበር፤ ልክ ጉም ውስጥ እንደቆመ ሰው። «እንግዲያው አሸንፏል» አሉ።

ከዚያ ወራት አልቆዩም። ወንድሜም እሳቸውን ከቀበርን በኋላ ብዙ አልቆየም ቦክሱ ላይ። ቀኝ እጁ አንድ ጊዜ ተሰነጠቀ፣ ዳነ፤ ሌላ ጊዜ ተሰነጠቀ። መገጣጠሚያው ላይ እብጠት ቀረ፤ ሐኪሙ በቃህ አለው። ክለቡ የምስክር ወረቀት ሰጠን። ዓለም ከተማ ላይ ወጣቶች የሚያሠለጥን ሰው ተፈልጎ ሄድን። እዚያ እንደ መንዝ አይበርድም። እሱ ግን ቅርጫቷን ይዞ ሄደ። ልጆቹ እጃቸውን ፀጉሩ ውስጥ ከተው ላባቸው ይንቆረቆራል።

«ወይ ጋሼ፣ ቀቀልከን እኮ!»

«ዝም በሉ። ቀዝቃዛ እጅ አይታሰርም።»

«የት አለና ቅዝቃዜው?»

እኔም ጠየቅኩት፤ «ጋሼ፣ እዚህ ምን ያደርግልናል?» አልኩት። ልጆቹ እስኪሄዱ ቆየ። «ሙቀቱ ብቻ አይደለም» አለኝ። «አባባ እጄን እዚያ ሲይዙት፣ ሊመቱኝ እንደምሄድ እረሳ ነበር። ለዚያች ጊዜ ብቻ።» ይህን አላውቅም ነበር። እኔ ሁልጊዜ የአጥንት ነገር ይመስለኝ ነበር።

በኋላ እማዬ ብቻዋን ስለሆነች ወደ ቀየት ተመለስን። የገብስ ጎተራ የነበረውን ቤት ጠርገን ጆንያ ሰቀልን። የቀየት ልጆች መጡ። እሱም እንደ አባባ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጦ ማዳመጥ ጀመረ። ስህተት ሲሰማ ግን አያስችለውም፤ ይዞራል። «አባባ አይዞሩም ነበር» እለዋለሁ። «አባባ ዓይናቸው አያይም ነበር» ይለኛል። እንዲህ እንዲህ እያልን ነው ያቺ ቅዳሜ ላይ የደረስነው።

እሑድ ቅዳሴ ሄደን ተመለስን። ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ ልታዘቀዝቅ ስትል፣ አዲሲቷን ጆንያ ሊሞክሯት ልጆቹ መጡ። እሱ ግድግዳውን ተደግፎ የአንዱን ልጅ የጓንት ክር ያስር ነበር። እጁ ክሩን ለቀቀ። ወደ ጎን ዘንበል አለ። ልጁ ያዳለጠው መስሎት «እኔን ጋሼ!» ብሎ ትከሻውን ያዘው። እኔ ሮጥኩ። እጁን ያዝኩ። ያን ጊዜ ገና ሙቅ ነበር።

ልቡ ነው አሉ። እኔ እጁን እጠብቅ ነበር። እጁ ደህና ነበረች።

ቀኑ ስለመሸ ቀብሩ ለማግስቱ ሆነ። ሰኞ ጠዋት ውርጭ ነበር። ሰዉ ጋቢውን ተከናንቦ ግቢው ውስጥ ቆሟል፤ ጉሙ ከሰዉ በላይ ተኝቷል። አባ ወልደሐና ከአንድ ዲያቆን ጋር ለግንዘቱ መጡ። ነጭ ክር ይዘዋል፤ የሁለቱ እጆች አውራ ጣቶች የሚገጠሙበት ነው። አጠገባቸው ተንበረከክሁ።

«አባ፣ እጁን እኔ ልሰረው።»

ዲያቆኑ ቀና ብሎ አየኝ። አባ ወልደሐናም አዩኝ። «ይህ የእኛ ሥራ ነው ልጄ» አሉ። ቀጥለው ትንሽ አሰቡ። «እጁን ብቻ። ሌላውን ለእኛ ተው።»

ክሩን ተቀበልኩ። ቀኝ እጁን አነሳሁ። እብጠቱ እዚያው ነበር፣ መገጣጠሚያው ላይ፤ በጨለማም አውቀዋለሁ። ክሩን አውራ ጣቱ ላይ አደረግሁ። አልቻልኩም። እጄ እንቢ አለኝ።

«ምን ሆንህ ወሰንየለህ?»

«አልሞቀም አባ።»

ዲያቆኑ አንገቱን ደፋ። ውጭ ሰው ይጠብቃል፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ደወል ይሰማል። አባ ወልደሐና የአባባን ቅርጫት ያውቃሉ። ያን ሁሉ ዓመት አጥር ላይ ሆነው አይተዋታል። በእጃቸው ወደ ጥጉ ጠቆሙኝ። «አምጣት» አሉ።

አመጣኋት። ሁለቱን እጆቹን ፀጉሩ ውስጥ ከተትኩ፤ መዳፌን ከላይ ጫንኩ።  እንደማይሞቅ አውቃለሁ። ግን የምጠብቀውን ያህል ጠበቅሁ፤ አላሳጠርኩትም። ከዚያ አባ ወልደሐና ራሳቸው በቀስታ አቡነ ዘበሰማያት ብለው ጀመሩ። እጆቹን አወጣሁና ማሰር ጀመርኩ። «አላ አድኅነነ» ሲሉ ቋጨሁ።

«ጠበቀ?» አልኩት።

ከዚያ ክሩን ትንሽ አላላሁለት።